የጨለማ ለባሾቹ ጓዳ

ጠጋ በሉ። ጮክ ተብሎ የሚወራ ነገር አይደለም።

አንድ የብላክ ሜታል ባንድ የድሮ አልበሙን ለአድናቂዎቹ ሲለቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙውን ጊዜ ሌሊት ነው። ሽፋኑ ላይ ጥድ አለ፣ በረዶ አለ፣ ጭጋግ አለ፤ ቀለም የሚባል ነገር የለም። የባንዱ ስም የተጻፈበት ፊደል የደረቀ የቀጋ ቁጥቋጦ ነው የሚመስለው፤ ስሙን አስቀድሞ የማያውቅ ሰው ፈጽሞ አያነበውም። ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ፦ ለዓመታት ተቀብሮ የኖረው ቀረጻ ዛሬ ወጣ። አለቀ። ሰላምታ የለም፣ ምስጋና የለም። ፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች ፊታቸውን በነጭና በጥቁር ቀለም ተቀብተው፣ ዓለሙን ሁሉ እንደተቀየሙ ቆመዋል።

ጥሩ። ፎቶውን አየነው። አሁን በጓሮ በር እንግባ።

ያን መስመር የጻፈው ሰው ልጆቹን አስተኝቶ ነው ኮምፒውተሩ ጋ የተቀመጠው። ጠዋት ሥራ ገቢ ነው። ሌሊቱም የተመረጠው ለአጋንንት ስለሚመች ሳይሆን፣ ሰውየው ሌላ ትርፍ ሰዓት ስለሌለው ነው። ያቺን አንድ መስመር ለመጻፍ ደግሞ ወዲህ ወዲያ ደውሎ አማክሯል፤ "ምስጋና ልጨምርበት ወይ?" እያለ። አይጨመርም ተባለ። ምስጋናውማ አለ። የተቀመጠው ሌላ ቦታ ነው። ቆይቼ አሳያችኋለሁ።

እኔ የምሠራው ኦስሎ ውስጥ ነው፤ የዚህን ሙዚቃ ካሴትና ሸክላ በፖስታ ከሚልክ አንድ ትንሽ ቤት ጀርባ። አሮጌ ካሴት ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ፣ ካርቶን አሽጋለሁ፣ ከባንዶቹ ጋር እጻጻፋለሁ። ሐበሻ ሴት እዚያ ምን ትሠራለች የሚለውን ጥያቄ ለምጄዋለሁ። መልሴ አጭር ነው፦ ሙዚቃውን እወደዋለሁ። ከሙዚቃው ይልቅ ግን ጓዳውን እወደዋለሁ፤ ዛሬ የማስገባችሁም እዚያው ነው።

መጀመሪያ የሚያስደንቃችሁን ልንገራችሁ። እነዚህ ሰዎች ጨዋ ናቸው። እጅግ ጨዋ! ለደብዳቤ መልስ አይዘገዩም። ዕቃ ሲልኩ እንዳይሰበር ዙሪያውን በወረቀት ጠቅጥቀው ነው። ብድር አይረሱም። ይኼ ጠባይ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከፖስታ ቤት ነው የመጣው።

ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ይህን ሙዚቃ የሚያሰማ ሬዲዮ ማግኘት ዘበት ነበር፤ የሚሸጠው ሱቅም በጣት የሚቆጠር። አንድ የኖርዌይ ጎረምሳ ብራዚል ወይም ፖላንድ ያለ እኩያው የቀዳውን ዴሞ (የሙከራ ቅጂ) መስማት ከፈለገ፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ የራሱን ካሴት ይልካል፣ የዚያኛውን ይጠብቃል። ንግድ አልነበረም፤ ልውውጥ ነበር። ተቀብሎ ሳይመልስ የቀረ ልጅ ካለ ስሙ በፎቶ ኮፒ በሚባዙት ትንንሽ መጽሔቶች ላይ ይወጣል። ስሙ አንዴ ከወጣ በኋላ ማን ይጽፍለታል? ማንም።

የቴምብሩን ነገርማ እንሾካሾክ። ለተማሪ ኪስ የውጭ አገር ፖስታ ውድ ነበር። ስለዚህ ልጆቹ ቴምብሩን ከላይ ሳሙና ወይም ስስ ሙጫ ይቀቡታል። ፖስታ ቤቱ ማኅተሙን ይመታል። ማኅተሙ ያረፈው ግን ሳሙናው ላይ ነው። ተቀባዩ በእርጥብ ጨርቅ ያብሰዋል፣ ቴምብሩን ነቅሎ በሚቀጥለው ደብዳቤ ውስጥ ለባለቤቱ ይመልሳል። ከደብዳቤው ግርጌ "ቴምብሬን እንዳትረሳ" የሚል ማሳሰቢያ የተለመደ ነበር። ገንዘብ ሲልኩም ኖቱን በካርቦን ወረቀት ይጠቀልሉታል፤ ፖስታው ወደ ብርሃን ቢያዝ እንኳ እንዳይታይ። ዓለሙን የተቀየሙ የሚመስሉት ልጆች እነዚህ ናቸው፤ በየሳምንቱ ለማያውቁት ሰው ኖት በፖስታ አምነው የሚልኩት።

ይኼ እምነት ሩቅ ሄዷል። ሳይ የሚባለው የጃፓን ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን በ1993 ያወጣው ኦስሎ ባለ ሌብል (የሙዚቃ አሳታሚ) በኩል ነው። ቶኪዮንና ኦስሎን ያገናኘ ሌላ ምንም አልነበረም፤ ደብዳቤ ብቻ።

ከሁሉም የምወደውን ልጨምርላችሁ። ፌንሪዝን የማያውቅ የዚህ ሙዚቃ ወዳጅ የለም፤ የዳርክስሮን ባንድ ድራመር፣ ግጥም ጸሐፊ፣ ግማሽ አካሉ። ይህ ሰው የተቀጠረው የት መሰላችሁ? በኖርዌይ ፖስታ። አዎ! በ2016 ደግሞ የሚኖርበት የኮልቦትን ሰዎች በምክር ቤቱ ተለዋጭ አባል እንዲሆን ጠየቁት። እሺ አለና ድመቱን ታቅፎ ፎቶ ተነሣ፤ "እባካችሁ አትምረጡኝ" ብሎም ለጠፈ። መረጡት።

አሁን ወደ ዋናው ምሥጢር ልምጣ። ጎትሎርድ ይባላል።

ዳርክስሮን የመጀመሪያ አልበሙን በጥር 1991 ሲያወጣ ብላክ ሜታል አይጫወትም ነበር። ዴዝ ሜታል ነበር፤ ስቶክሆልም ሄደው በዘመኑ ዴዝ ሜታል ስሙ በገነነው በሰንላይት ስቱዲዮ የቀዱት። ልጆቹ ወዲያው ለሁለተኛው አልበም ዘፈን ጻፉ፣ ተለማመዱ፣ ልምምዱን በካሴት ቀዱት። ስሙም ወጣለት። ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። ልባቸው ከዳ። የሚሰሙት ሙዚቃ ተቀየረ፤ ወደ ጥንቶቹ ባንዶች፣ ወደ ባቶሪና ወደ ሄልሃመር፣ ተመለሱ፤ የተራቀቀው አጨዋወት አስጠላቸው። ያለቀለትን አልበም ትተው በየካቲት 1992 ሌላ ነገር ይዘው ብቅ አሉ፦ ኤ ብሌዝ ኢን ዘ ኖርዘርን ስካይ። ብላክ ሜታል የሚባለውን ድምፅ ከቀረጹት ሥራዎች አንዱ ይኼ ሆነ። ጎትሎርድ ካሴቱ ውስጥ ቀረ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። አንድ ባንድ መንገድ ሲቀይር፣ የተወው ሥራ መጀመሪያ ያሳፍረዋል። ይደብቀዋል። "ያ እኛ አልነበርንም" ይላል። ዓመታት ሲያልፉ ግን አድናቂው መጠየቅ ይጀምራል፦ ከዚያ ወደዚህ እንዴት መጣችሁ? መልሱ ያለው ያ የተደበቀው ካሴት ውስጥ ነው። የድሮ አልበም ለአድናቂ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው እላለሁ እኔ። ሰው ዳቦውን ከበላ በኋላ ሊጡን ማየት አይፈልግም፤ የዚህ ሙዚቃ ሰው ግን ሊጡን ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም።

ጎትሎርድ ታዲያ ወጣ። እንዴት ወጣ? በ1994 ፌንሪዝ ያንን የልምምድ ካሴት አውጥቶ በላዩ ላይ ድምፁን ጨመረበት። በ1996 የሳቲሪኮን ባንዱ ሳቲር ይመራው በነበረው ሙንፎግ ሌብል በኩል ለሕዝብ ቀረበ። አዲስ አልበም መስሎት የገዛው አድማጭ ሲሰማው ግራ ገባው፤ ብላክ ሜታል ይጠብቅ ነበርና። በ2008 ፍሮስትላንድ ቴፕስ በተባለው ስብስብ ውስጥ ያለ ድምፅ፣ እንደተቀዳው ወጣ። በ2023 ደግሞ ያው መሣሪያ ብቻ ያለበት ቅጂ ለብቻው ጎትሎርድ ኦሪጅናል ተብሎ ታተመ። አንድ የልምምድ ካሴት፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የዘለቀ ዕድሜ። የቀዱት ልጆች ይኼን ቢነገራቸው የሚያምኑ አይመስለኝም።

አሁን የጓዳ ሰው ያልሆነ የማያየውን ላሳያችሁ። ኤ ብሌዝን አድምጡና ወደ ጎትሎርድ ተመለሱ። በኤ ብሌዝ ብላክ ሜታል መሐል መሐል የዴዝ ሜታል ቁራጭ ይሰማችኋል፤ ከባድ፣ ዘገም ያለ፣ ከአካባቢው ጋር ያልተዋሐደ። ስፌቱ ይታያል። አዲሱን መንገድ ሲጀምሩ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ለመጣል ጊዜ አልነበራቸውም። ጎትሎርድ ባይለቀቅ ኖሮ ያ ስፌት ምሥጢር ሆኖ ይቀር ነበር።

ስለ ሻካራው ድምፅም የሚወራ አለ፤ ድህነት ነው የሚል። ካሴቱ ርካሽ፣ ልጆቹ የማይችሉ፣ ስቱዲዮው ጋራዥ። ለአንዳንዱ እውነት ነው። ለትልልቆቹ ሥራዎች ግን፣ ኧረ በፍጹም! የዳርክስሮን የእንግሊዝ ሌብል ፒስቪል ኤ ብሌዝ ሲደርሰው ድምፁ ሳሳበት። እንደገና ሚክስ ይደረግ አለ። ልጆቹ ደግሞ፦ እንዲህ ካልወጣ የሜይሄም ባንድ ጊታሪስት ለሆነው ለዩሮኒመስ ሌብል እንሰጠዋለን አሉ። የእንግሊዙ ሌብል ተሸነፈ። አልበሙ እንደ ሳሳ ወጣ። ኋላ ላይ ኦስሎ የሚገኘው የኖርዌይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የአገሪቱን የባህል ታሪክ በሚያሳይበት ቋሚ ዐውደ ርእይ ውስጥ አስቀምጦታል።

ሌላም አለ። ከጫካ ወጡ የሚባሉት ሁለት አልበሞች፣ የሜይሄም ዲ ሚስቴሪስ ዶም ሳታናስና የኤምፐረር ባንድ ኢን ዘ ናይትሳይድ ኢክሊፕስ፣ ሁለቱም በ1994 የወጡት፣ የተቀዱት የት ነው? በርገን ከተማ፣ ግሪግሃለን። በታላቁ የሙዚቃ ደራሲ በኤድቫርድ ግሪግ ስም የተሰየመ፣ የበርገን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ የሚጫወትበት አዳራሽ! ቀረጻውን የመራው ፒተን የሚባል ባለሙያ ነው፤ የኖርዌይን ብላክ ሜታል ግማሹን በጆሮው ያሳለፈ ሰው። ያ የሚያስፈራው፣ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስለው ድምፅ በጨዋ ሕንፃ ውስጥ፣ በሰለጠነ እጅ፣ ታስቦበት የተሠራ ነው። ሻካራነቱ የተመረጠ ነው። ስለተመረጠም ነው ከ30 ዓመት በኋላ የሚጠበቀው።

የሚጠበቀውም በእኔ ቢጤዎች እጅ ነው፤ ስለ ካሴቱ ልንገራችሁ።

ካሴቱ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከእናት ቤት ምድር ቤት ነው የሚመጣው። ክሩ ላልቷል። መጀመሪያ የማነሣው ኮምፒውተር እንዳይመስላችሁ፤ የማነሣው ትንሽ ካቻቢቴ ነው። በቴፑ ውስጥ ክሩን የሚያነበው ሄድ አቅጣጫው በአንዲት ብሎን ይስተካከላል። ያች ብሎን በፀጉር ታህል ከተዛባች ጥርት ያለው ቀጭን ድምፅ ይሞታል፤ ሲምባሉ ጨርቅ የተጣለበት ይመስላል። ስለዚህ እያዳመጥኩ አዞራታለሁ። ወዲህ ትንሽ። ወዲያ ትንሽ። ድንገት ሲምባሉ ይከፈታል! ያን ጊዜ እጄን አነሣለሁ፤ ከዚያ በኋላ መንካት ክልክል ነው። ቀጥሎ ዶልቢ የሚለውን ማብሪያ፣ የካሴቱን ሹሽታ መቀነሻ፣ አያለሁ። ካሴቱ በዶልቢ የተቀዳ ነው ወይስ አይደለም? ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን አላምንም። ያለ ዶልቢ የተቀዳው በዶልቢ ሲጫወት ይደፈናል፤ በዶልቢ የተቀዳው ያለ ዶልቢ ሲጫወት ደግሞ ጥርስ ያወጣል። ለዓመታት "ቀዝቃዛና ስል" እየተባለ ሲደነቅ የኖረ ዴሞ ዋናው ካሴት ሲገኝ ሞቅ ያለ ሆኖ ያውቃል። ስለቱ የመጣው ከአምስተኛ እጅ ግልባጭና ከተረሳች ማብሪያ ነበር። ለባንዱ ስነግረው ሳቀ፤ ለአድናቂዎቹ ግን እንዳልናገር ለመነኝ። ይኸው ስሙን ሳልጠራ ነገርኳችሁ።

አሁን ደግሞ የሰይጣኑ ድምፅ።

ከሰዎች የሰማችሁት ይሆናል፤ የብላክ ሜታል ካሴት ገልብጠው ሲያጫውቱት የተገለባበጠ፣ የሚጎተት፣ ከመሬት በታች የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ተሰማ የሚል። እውነት ነው። እኔም ሰምቼዋለሁ። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ባለ አራት ትራክ መቅጃ ነው።

በ1979 ቲያክ ኩባንያ ፖርታስቱዲዮ የሚባል መሣሪያ አወጣ፤ በተራ ካሴት ላይ አራት ድምፆችን ለየብቻ መቅዳት የሚችል፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ። ስቱዲዮ መክፈል የማይችል ልጅ ሁሉ ዳነ። የዳርክስሮን ትራንሲልቫኒያን ሀንገር ራሱ፣ የ1994ቱ አልበም፣ የተቀዳው በእንዲህ ዓይነት ባለ አራት ትራክ ነው። ተራ ካሴት በአንድ ጎኑ ሁለት ትራክ ይይዛል፤ ስትገለብጡት ሌሎቹን ሁለት። ባለ አራት ትራኩ ግን አራቱንም በአንድ አቅጣጫ ይቀዳል። የ1979ኙ መሣሪያ ደግሞ በእጥፍ ፍጥነት ነው የሚሄደው፤ በሰከንድ 4.75 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ቀርቶ 9.5። እንዲህ የተቀዳውን ዋና ካሴት የቤት ቴፕ ውስጥ ብትከቱት በግማሽ ፍጥነት ይጎተታል። ስትገለብጡትማ ሁለቱ ትራኮች ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ያ ከመሬት በታች የሚመጣው ድምፅ ጊታር ነው። ወደ ኋላ የሚሄድ የልምምድ ጊታር።

ካሴቱ ወደ ኮምፒውተር ከተገለበጠ በኋላ የሚመጣው ፈተና ሹሽታው ነው። የካሴቱ ሽ... የሚለው። ዛሬ በአንድ ቁልፍ ማጥፋት ይቻላል። አላጠፋውም። ባንዱም አይፈቅድም፣ አድናቂውም ይቅር አይለንም። ከጊታሩ ጋር አብሮ ያደገ ድምፅ ስለሆነ ሲወጣ ጊታሩም ቆዳው ይገፈፋል። "ማስተሪንግ ተደረገለት" ብለን የምንጽፍላችሁ ሥራ ግማሹ አለመንካት ነው። ለዚህም ይከፈለናል፤ ተገቢም ነው። የት ላይ እጅን መሰብሰብ እንዳለበት የሚያውቅ ጆሮ ለማፍራት ዕድሜ ይጠይቃል።

ለመሆኑ ከሁሉ ከባዱ ምንድን ነው? ክሩ? ብሎኑ? አይደለም። ከበሮ መቺው ነው! በዚያን ጊዜ ከባንዱ ወጥቶ የሄደው ልጅ ዛሬ የት አለ? ይፈቅዳል? ፈርሞ ያውቃል? ሙዚቃ ትቶ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ቢሆንስ? ጨዋ ባንድ ሳያስፈቅድ አይለቅም። ባንዱ የድሮ አባሉን ለማግኘት የሚጽፈው ደብዳቤ ከዘፈኖቹ ሁሉ በላይ ልብ የሚነካበት ጊዜ አለ፤ "ተቀያይመን ነበር፣ ከበሮህ ግን እስካሁን አሪፍ ነው" የሚል ዓይነት። የሚለቀቅበት ቀን ለዓመት ከዘገየ፣ እመኑኝ፣ ምክንያቱ ይህ ነው።

ይኼ ማስፈቀድ የእኛንም አገር ሙዚቃ ታድጓል። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ብቻውን በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የቀዳው ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ እጅ ገባ። ሰብሳቢው አባዝቶ መሸጥ ይችል ነበር። እሱ ግን ባለቤቱን ፈለገው፤ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ አገኘው፣ ደወለለት፣ ተስማሙ፤ በ2013 እንደገና ታተመ። ጋሽ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ።

ያለ ፈቃድ የሚያባዙትስ? ወደ "ነፃው" አልበም ምሥጢር የሚያስገባን ይኼ ነው። ባንዱ የድሮ ዴሞውን "የፈለጋችሁትን ክፈሉ፣ ዜሮም ይሆናል" ብሎ ባንድካምፕ በተባለው የኢንተርኔት ሙዚቃ መሸጫ ላይ ሲለቀው ቸርነት ብቻ አይደለም። ያ ዴሞ መጀመሪያ የወጣው በጥቂት ቅጂ ነው፤ ዛሬ ሰብሳቢ ለአንዱ ካሴት የወር አስቤዛ የሚያህል ይጠየቃል። የሌባ ቅጂ አባዢዎችም ይህን አይተው በፎርጅድ ሽፋን ይቸበችቡታል። ባንዱ ዋናውን፣ በጥሩ ጥራት፣ በነፃ ሲለቅ የነዚያ ገበያ በአንድ ሌሊት ይቀዘቅዛል።

ነፃ የሚባለውም ለባንዱ ነፃ አይደለም። ባንድካምፕ ለአንድ ባንድ በወር የሚሰጠው የነፃ ማውረጃ ኮታ 200 ነው። ካለቀ ባንዱ ተጨማሪ መግዛት አለበት። ጥቂት ሳንቲም እንኳ ከከፈላችሁ ግን ከኮታው አይቀነስም! ስለዚህ አንድ ዶላር የምትጥሉት ሰዎች ባንዱን ከምታስቡት በላይ ትረዱታላችሁ። ዜሮ የምትጽፉት ደግሞ ባንዱ ከጠየቀ ኢሜይላችሁን ትሰጣላችሁ፤ ለባንዱ እሱም ሀብት ነው። ቀጣዩ አልበም ሲወጣ ያለ አማላጅ የሚጽፍላችሁ በዚያ ነው። ከሽያጩ መድረኩ የሚወስደው ለዲጂታል 15 በመቶ ነው። በመጋቢት 2020 ኮሮና ኮንሰርቱን ሁሉ ሲዘጋ ለአንድ ቀን ድርሻውን ተወ፤ በዚያች ዓርብ አድናቂዎች 4.3 ሚሊዮን ዶላር ከፈሉ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉ ዓርቦች ተደጋገሙ፤ ብዙ ትንንሽ ባንድም የድሮ ሥራውን ለእነዚያ ዓርቦች ያስቀምጣል። የምትወዱት ባንድ በድንገት "የተቀበረ ቀረጻ" ካወጣ የቀን መቁጠሪያ ተመልከቱ።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ባልፍ ግን ወዳጅነታችን የውሸት ይሆናል። በዚህ ጓዳ ውስጥ እውነተኛ ጨለማም አለ። በሰኔ 1992 በርገን አጠገብ የነበረው ጥንታዊው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በነሐሴ 1993 ዩሮኒመስ ተገደለ፤ ገዳዩ የበርዙም ባንድ ባለቤት ነበር፣ 21 ዓመት ተፈረደበት። ዩሮኒመስ ከፍቶት የነበረው ሱቅ እኛ ሐበሾች እንጀራ ከምንገዛበት ከግሩንላንድ ሰፈር በእግር የሚደረስ ነው፤ ባለፍኩ ቁጥር ልቤ ይከብደኛል። ቤተ ክርስቲያን ያቃጠለን ሰው ጀግና የሚያደርግ ጽሑፍ በእኔ እጅ በታሸገ ካርቶን አይሄድም።

የድሮ አልበም ሲወጣ ይኼም ጥያቄ አብሮ ይወጣል። የሜይሄም ዲ ሚስቴሪስ ላይ ጊታሩን የሚጫወተው ሟቹ ነው፤ ቤዙን የሚጫወተው ገዳዩ። የሟቹ ቤተሰቦች የቤዙ ድምፅ እንዲነሣ ጠየቁ። እንደገና ይቀዳል ተባለ። አልተቀዳም። እስከ ዛሬ ሁለቱ አብረው ይሰማሉ። የዳርክስሮን ትራንሲልቫኒያን ሀንገር ሽፋን ጀርባ ላይም ዘረኛ ቃል ታትሞ ነበር፤ ባንዱ በሚቀጥለው ዓመት ፓንዘርፋውስት በተባለው አልበሙ ላይ የናዚም የፖለቲካም ባንድ አይደለንም ብሎ ጻፈ። ለእኔ ታሪኩን ደብቆ ሙዚቃውን ብቻ ማሳመር ውሸት ነው። አልበሙን የሚለቅ ሰው በዚያው ወረቀት ላይ የሆነውን እንደሆነ ይጻፍ።

አሁን የምስጋናውን ቦታ።

የድሮውን ዴሞ ሽፋን አጣጥፋችሁ አታስቀምጡ። ዘርጉት። ወደ ውስጠኛው ገጽ ሂዱ፤ በጣም ደቃቅ ጽሕፈት ታገኛላችሁ፣ ዓይን የሚያደክም። ስሞች ናቸው። ካሴት የተለዋወጡ፣ ደብዳቤ የጻፉ፣ በመጽሔታቸው ሁለት መስመር የሰጡ፣ ፖስተር የለጠፉ፣ ፖላንድ ያለው ልጅ፣ ጃፓን ያለው ልጅ። ባንዱ እንደገና ሲለቀው ያን ወረቀት አዲስ አንሠራለትም፤ ከነቡና ጠብታው ስካን እናደርገዋለን፣ ማንም እንዳይቆረጥ። ከተለቀቀ በኋላ ባሉት ቀናት ኢሜይል ይመጣል። "በሦስተኛው መስመር ያለው ስም የእኔ ነው፤ ካሴቱ ግን ጠፍቶብኛል" የሚል። እነዚህን ደብዳቤዎች ለባንዱ አስተላልፋለሁ፤ ቅጂም በነፃ ይላክላቸዋል። ይኼን የትም አይጽፉትም፤ ፎቶውን ያበላሽባቸዋል።

እናንተም ስትገዙ መልእክት መጻፊያ ቦታ አለ። ባዶ አትተዉት። ያነቡታል፤ ጠዋት ሥራ ከመግባታቸው በፊት ያነቡታል። በአማርኛ ብትጽፉም ያስተረጉሙታል፤ ለማን እንደሚልኩት ገምቱ።

መጀመር ለምትፈልጉ ደግሞ፦ የ2023ቱን ጎትሎርድ ኦሪጅናል አስቀድሙ፣ ከዚያ የ1996ቱን፣ በመጨረሻ ኤ ብሌዝን። በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ድምፁን የፈለጋችሁትን ያህል ከፍ አድርጉ፤ ቤዙን ግን ለመጨመር አትድከሙ፣ ያልተቀዳ ቤዝ ከየትም አይመጣም።